ቅርጽ፣ ምክንያትና ውኃ፦ ስለ ስርጉድ ምድር ስያሜዎቻችን የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

የሥነ ምድር ቃላት ከሌሎች የሙያ ቃላት የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። የኬሚስትሪ ወይም የሕክምና ተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ስም ላላወጣለት ነገር ስም ያወጣል። የሥነ ምድር ተርጓሚ ግን ሕዝቡ ሲረግጠው፣ ሲያርሰውና ሲጠራው ለኖረው ነገር ሁለተኛ ስም ሊያወጣ ይነሣል። ተራራው፣ ሸለቆው፣ ገደሉ፣ ረባዳው ሁሉ አስቀድሞ ስም አለው። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚገጥመን ችግር የቃል ድህነት አይደለም፤ ያሉትን ቃላት ለየትኛው ጽንሰ ሐሳብ እንደምንመድባቸው አለመወሰናችን ነው።

ይህ ጽሑፍ ከሰፊው መስክ አንዱን ጠባብ ክፍል ይመረምራል፤ ይኸውም በተፈጥሮ ከዙሪያቸው ዝቅ ብለው የሚገኙ ምድሮች በአማርኛ የሚጠሩባቸውን ስያሜዎች ነው። የሚቀርበውም ሂስ ባጭሩ ይህ ነው፦ የመሬቱን ቅርጽ፣ ቅርጹን ያስገኘውን ምክንያትና በቅርጹ ውስጥ የሚሄደውን ውኃ በአንድ ቃል ስለምንጠራ፣ ዐረፍተ ነገራችን ሳይሳሳት ሐሳባችን ይሳሳታል።

ሁለት ምድሮችን ማነጻጸር ጉዳዩን ያብራራል። በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኘው የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በምዕራብ ግብፅ የሚገኘው የቀታራ ምድር ደግሞ 133 ሜትር ይወርዳል። ሁለቱም በረሃ፣ ሁለቱም ጨዋማ ናቸው። አፈጣጠራቸው ግን አይገናኝም። የዳሎል ወለል ዝቅ ያለው የምድር ቅርፊት ከሁለት ወገን እየተሳበ ስለ ሳሳና ስለ ሰመጠ ነው። የቀታራን ወለል በዋናው ያወረደው ግን ጨው አለቱን እያፈረሰ፣ ነፋስም ፍርፋሪውን እየጠረገ መውሰዱ ነው። አንዱ ሰመጠ፣ ሌላው ተጠረገ ማለት ነው። ሁለቱንም «ስምጥ» የሚል ተርጓሚ ነፋስ የሠራውን ሥራ ለምድር ቅርፊት ይሰጣል፤ ሁለቱንም «ዝቅተኛ ቦታ» ብሎ የሚያልፍ ደግሞ ከከፍታቸው በቀር ምንም አልተናገረም።

2. «ስምጥ ሸለቆ»

በዚህ መስክ ካሉን ስያሜዎች ሁሉ የታወቀው «ስምጥ ሸለቆ» ነው። ምንጩ የእንግሊዝኛው «ሪፍት ቫሊ» ነው፤ ይህን ስያሜ ያስፋፋው እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ነው። «ሪፍት» በመሠረቱ መሰንጠቅ፣ መተርተር ማለት እንጂ መስመጥ ማለት አይደለም። ለዚሁ ዓይነት ምድር ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ዙስ በሥነ ምድር መጻሕፍት ያስፋፋው የጀርመንኛው «ግራበን» ደግሞ ተራ ፍቺው ቦይ ነው። እንግዲህ ሦስት ቋንቋዎች አንዱን ምድር ከሦስት ወገን አይተውታል፤ እንግሊዝኛ የግድግዳዎቹን መለያየት፣ ጀርመንኛ የመልኩን ሁኔታ፣ አማርኛ የወለሉን መውረድ። በዚህ ረገድ «ስምጥ» የሚለው ቃል የቃል በቃል ትርጉም አለመሆኑ አያስነቅፈውም፤ እንዲያውም አስቦ የተመረጠ ቃል ነው።

ሂሱ የሚያርፈው በሁለተኛው ቃል፣ በ«ሸለቆ» ላይ ነው። ሸለቆ በአማርኛ ተናጋሪ ዓይነ ኅሊና በሁለት ከፍታዎች መካከል የገባ፣ ወንዝ የሚወርድበት ጠባብ ምድር ነው። የዓባይ በረሃ በዚህ ፍቺ እውነተኛ ሸለቆ ነው፤ ወንዙ በረዥም ዘመን አለቱን እየቆረጠ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1,500 ሜትር ወርዶበታል። ስምጥ ሸለቆ የምንለውን ግን ውኃ አልቆፈረውም። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የምድር ቅርፊት ክፍሎች እርስ በርስ ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው ቅርፊት ይሳሳል፤ በስንጥቆች ይከፋፈላል፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው አለትም ቁልቁል ይንሸራተታል። ስለዚህ መስመጡ ራሱ ምክንያት ሳይሆን የመሳሳብ ውጤት ነው። በስፋትም ቢሆን «ሸለቆ» አይስማማውም። በዝዋይ ዳርቻ የቆመ ሰው በዙሪያው የሚያየው ሰፊ ሜዳ ነው። ወደ አፋር ሲደርስ ደግሞ ምድሩ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ሸለቆ ማዕዘን የለውም።

ስያሜው ሌላም ነገር ይሰውራል። «ስምጥ» ያለቀና የቆመ ሁኔታን የሚገልጽ ቅጽል ስለ ሆነ፣ ነገሩ ጥንት ተፈጽሞ ያበቃ ያስመስላል። እውነቱ ግን ምድሩ እስከ ዛሬ በመለወጥ ላይ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ መካከለኛ ክፍል ያለው መራራቅ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዘመን የተጠራቀመው ጉተታ ባንድ ጊዜ የሚፈታበት ወቅት አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህን የሚተረጉም ሰው «ስምጥ» ከሚለው ቅጽል ጎን «መስመጥ»፣ «መሳሳብ» እና «መከፈት» የሚሉትን ስመ ድርጊቶች ነጣጥሎ ሊጠቀም ይገባዋል።

ታዲያ «ስምጥ ሸለቆ» ይጣል ማለት ነውን? አይደለም። ከአፍ ወጥቶ ከጆሮ የገባን፣ የትውልድ መማሪያ የሆነን ስያሜ መጣል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የሚሻለው መመደብ ነው። «ስምጥ ሸለቆ» የምሥራቅ አፍሪካው ታላቅ መስመር የተጸውዖ ስም ሆኖ ይቀመጥ። ለዓይነቱ የወል ስም ግን «ስምጥ» ብቻውን ይበቃል። እንዲህ ከሆነ «የራይን ስምጥ»፣ «የባይካል ስምጥ» ማለት ይቻላል፤ ከ1,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን የባይካልን ሐይቅ በ«ሸለቆ» ውስጥ ከማስቀመጥም እንድናለን።

3. ሐይቆቻችንና የተኙባቸው ገበቴዎች

«የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች» የሚለው ሐረግ የቦታ መግለጫ ነው። አንባቢው ግን የአፈጣጠር መግለጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ ሁሉም መሬት ሰምጦ ውኃ የሞላባቸው ይመስለዋል። እያንዳንዱን ብንመረምር ነገሩ ይለያያል። ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሻላ የተኛው፣ እሳተ ገሞራ ከሥሩ ያለውን ቅልጥ አለት ተፍቶ ከጨረሰ በኋላ ጣሪያው በተደረመሰበት ስፍራ ነው። ሐዋሳም እንዲሁ በአሮጌ ድርምስ ውስጥ ይገኛል። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ጎድጓዶች ደግሞ አልሰመጡም፣ አልተደረመሱም፤ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ በተፈጠረው የእንፋሎት ፍንዳታ የተቦደሱ ናቸው። ከስምጡ ውጭ ያለው ጣና ደግሞ የላቫ ፍሰት በገደበው ሰፊ ገበቴ ውስጥ የተኛ ነው። ሰመጠ፣ ተደረመሰ፣ ፈነዳ፣ ተገደበ፦ አራት ግሦች፣ አራት ታሪኮች ናቸው። በአማርኛ የሚጻፈው የጂኦግራፊ ጽሑፍ አራቱንም «ጎድጓዳ ስፍራ» ሲል፣ ቋንቋው ያለውን ሀብት ሳይጠቀምበት ይቀራል።

እዚህ ላይ ሌላ የጎደለ ቃል ይታያል። አማርኛ «ሐይቅ» ሲል ውኃውን ይጠራል፤ ውኃው የተኛበትን ዕቃ ግን ለይቶ አይጠራም። ውኃው እስካልተለወጠ ድረስ ይህ ችግር አያመጣም። ሐይቆቻችን ግን ይለወጣሉ። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር፤ በኋላም ውኃ ተመልሶበታል። በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አብያታ በአንጻሩ እየሸሸ ነው። ሐሮማያ ሲደርቅ የቀረው ነገር ስሙ ማን ነው? «የደረቀ ሐይቅ» ማለት ውኃ የሌለው ውኃ እንደ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ሐሳብ ይህንንም ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው።

4. «ተፋሰስ»

«ተፋሰስ» በአማርኛ የሙያ ቃላት ታሪክ ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው። ሥሩ ፈ-ሰ-ሰ ነው፤ አምዱ የመደራረግን ስሜት የሚሰጠው የ«ተዋረድ» አምድ ነው። ገባሮች ከየአቅጣጫው ፈስሰው ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰቡበትን ምድር ሁሉ በአንድ ቃል ይይዛል። ስሕተቱ የቃሉ አይደለም፤ ቃሉ የማይገባው ሥራ የተሰጠው መሆኑ ነው። በምንተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ቃል ሁለቱንም ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም የውኃ መሰብሰቢያውን ምድርና ለረዥም ዘመን ረግቦ ደለል የተከማቸበትን ቅርፊት ስለሚጠራ፣ አማርኛም ተከትሎ ሁለቱንም «ተፋሰስ» ይላል።

የዚህ ውጤት በኦጋዴን ላይ ጎልቶ ይታያል። በአገራችን የውኃ ሀብት አከፋፈል ከሚቆጠሩት 12 ተፋሰሶች አንዱ «የኦጋዴን ተፋሰስ» ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለውም ከደረቆቹ ይመደባል። የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘበትም ምድር «የኦጋዴን ተፋሰስ» ይባላል። ሁለቱ ግን አንድ ምድር አይደሉም። የመጀመሪያው ወሰኑ በምድር ገጽ ላይ ያለ ውኃ ከፋይ ከፍታ ነው። የሁለተኛው ወሰን ከምድር በታች፣ የደለል አለቱ ሳስቶ ያለቀበት ስፍራ ነው፤ ይህም በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ዳዋ የውኃ ተፋሰሶች ሥር ሳይቀር ይዘረጋል። እንግዲህ «በኦጋዴን ተፋሰስ ቁፋሮ ተፈቅዷል» የሚል ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ቢጻፍ፣ የተፈቀደው በየትኛው ምድር ነው? ውኃ ለመፈለግ ነው ወይስ ጋዝ? የትኛውስ ወረዳ ይነካል? ይህን በውል ወይም በመመሪያ ውስጥ ያገኘ ተርጓሚ፣ የቃሉ አሻሚነት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የደለል መከማቻው ዛሬ ከናካቴው ጎድጓዳ ላይሆን መቻሉ ነው። በዓባይ በረሃ ግድግዳ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። ያ ጥንታዊ ገበቴ ከሞላ በኋላ ምድሩ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ በላዩ ላቫ ተነጥፎበታል፤ በመጨረሻም ወንዙ ቆርጦ አሳይቶናል። ይህን «የዓባይ ተፋሰስ» ያልነው እንደ ሆነ፣ ከ140 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የተራራቁ ሁለት ነገሮችን አንድ ስም ሰጠናቸው ማለት ነው።

ተፋሰስም በበኩሉ ቅርጹ ሳይለወጥ ይለወጣል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውኃውም ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። በዚያን ጊዜ የአዋሽ ተፋሰስ ክፍል ነበሩ፤ ዛሬ ግን ተለይተዋል። ገበቴው ግን በመሠረቱ በቦታው ነው። በቻድ ምድር ደግሞ የቻድ ሐይቅ የተኛው ከሁሉ ዝቅ ባለው ስፍራ አይደለም፤ በሰሜን ምሥራቅ ያለው ደረቁ የቦዴሌ ምድር ከሐይቁ በ100 ሜትር ላይ ይወርዳል። ውኃና ቅርጽ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ «ተፋሰስ» ለውኃ ብቻ ይተው። ውኃው ወደ ባሕር የማይደርስ ከሆነ «ዝግ ተፋሰስ» ይባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአቤ ሐይቅ ስለሚቀር የዝግ ተፋሰስ ጥሩ ምሳሌ ነው።

5. «ዝቅተኛ ቦታ»፣ «ረባዳ» እና «ቆላ»

«ዝቅተኛ ቦታ» የሚለው መጠሪያ ሁለት መለኪያዎችን ያምታታል። አንድ ምድር ከባሕር ወለል ሲለካ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከዙሪያው ሲለካም ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። የሥነ ምድር ጽንሰ ሐሳብ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር በላይ 1,780 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የተኛበት ምድር ግን ከዙሪያው ዝቅ ያለ ነው። በአንጻሩ የባሕር ጠረፍ ሜዳ ከባሕር ወለል ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ቢልም፣ አንድ ወገኑ ለባሕር ክፍት ስለ ሆነ ከዚህ ጽንሰ ሐሳብ አይገባም። «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ጣናን አስወጥቶ ጠረፉን ያስገባል። «ቆላ» ደግሞ ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱን፣ ከሙቀቱም እርሻውን የሚናገር የኑሮ ቃል ነው፤ ለቅርጽ መጠሪያ አይሆንም።

«ረባዳ» የተሻለ ነው፤ ከዙሪያው ዝቅ ያለ መሆኑን ይናገራልና። ነገር ግን ገበሬው «ረባዳ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ውኃ የሚተኛበትን፣ ሣር የሚበቅልበትን ለጥ ያለ መሬት ነው። አሞሌ የሚቆረጥበትን የአፋርን የጨው ሜዳ «ረባዳ» ብንለው፣ ቃሉ ያላየውን እርጥበት ይዞ ይገባል። «ዐዘቅት» ደግሞ ጥልቀትን ቢገልጽም ከመንፈሳዊና ከምሳሌያዊ አነጋገር ጋር ስለ ተቆራኘ ለሙያ ቃልነት አይመችም።

ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ የሚመቸው ቃል፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ «ስርጉድ» ነው። የተመታ ጣሳ ይሰረጎዳል፤ ጉንጭም ስርጉድ ይኖረዋል። ቃሉ ዙሪያው ከፍ ብሎ መካከሉ ወደ ውስጥ መግባቱን እንጂ እንዴት እንደ ገባ አይናገርም፤ መጠን አይወስንም፤ ውኃ መኖሩንም ሆነ አለመኖሩን አይጠቅስም። ለጠቅላላ ስያሜ የሚፈለገውም ይህ ገለልተኝነት ነው። ስለዚህ «የቀታራ ስርጉድ»፣ «የዳሎል ስርጉድ» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይጨመራል።

6. ሌሎች ቋንቋዎች እንዴት ሰየሙ?

የውጭውን የሙያ ቃል ስናይ በጥንቃቄ የተቀመረ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። «ካልዴራ» ስፓኝኛ ነው፤ ትልቅ የማብሰያ ድስት ማለት ነው። «ክሬተር» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ወይን የሚበረዝበት ጋን ነው። ፈረንሳይኛ ሰፊ ስርጉድን «ኩቬት»፣ ማለትም ሳፋ ይለዋል። ዓረብኛ «ሐውድ» ሲል ውኃ የሚያቁር ገንዳ ማለቱ ነው። «ማር» የሚባለው የፍንዳታ ጎድጓዳ ስያሜ ከጀርመን የአይፍል ገጠር የተወሰደ ነው። የኖራ ድንጋይ ሟሙቶ የሚፈጠረው «ዶሊን» ደግሞ በስላቭ ቋንቋዎች ሸለቆ ማለት ሲሆን፣ የሙያ ቃል ሲሆን ፍቺው ጠብቦ ዝግ ጎድጓዳን ብቻ እንዲጠራ ተደርጓል። እንግዲህ የሥነ ምድር ዓለም አቀፍ ቃል የተገኘው ከማጀት፣ ከእርሻና ከገጠር አፍ ነው። ሊቃውንቱ የሠሩት ሥራ ፍቺውን መወሰን ብቻ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያም እናገኛለን። «ካልዴራ» የሚለውን ቃል ለሥነ ምድር ያስተዋወቀው ሊዮፖልድ ፎን ቡህ ሲሆን፣ የተነሣውም በካናሪ ደሴቶች በላ ፓልማ ካየው ታላቅ ጎድጓዳ ነው። ዛሬ ቃሉ የእሳተ ገሞራ ጣሪያ ተደርምሶ የሚፈጠረውን ጎድጓዳ ይጠራል። የስሙ መነሻ የሆነው የላ ፓልማው ጎድጓዳ ግን በዋናው የታላቅ ናዳና የመሸርሸር ውጤት መሆኑ ታውቋል። ቃሉ ከዚህ ስሕተት የተረፈው ድስትን እንጂ መደርመስን ስላልተናገረ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የቅርጽ ስም ይዘልቃል፤ የምክንያት ስም ግን ዕውቀት ሲለወጥ ይወድቃል። ስለዚህ ምክንያቱ ከስሙ ጋር ተዋሕዶ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ በቅጽልነት የሚጨመርና ሲያስፈልግ የሚነሣ ሊሆን ይገባል።

7. ከግሦቻችን የሚገኘው

አማርኛ በዚህ መስክ ከስም ይልቅ በግሥ የበለጸገ ነው። ስያሜዎቻችንን ከዚያ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን አምዱ ስለ ፈቀደ ብቻ ቃሉ ይገኛል ማለት አይደለም።

«ሰመጠ» «ስምጥ»ን ሰጥቶናል። «ተደረመሰ» በ«ስንጥቅ» አምድ «ድርምስ»ን ይሰጣል፤ ይህም ለካልዴራም፣ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ድንገት ለሚናድ መሬትም ያገለግላል። በሙት ባሕር ዳርቻ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ተከፍተዋል። የሐይቁ ወለል በዓመት አንድ ሜትር ያህል ሲወርድ፣ ጨው አልባ የከርሰ ምድር ውኃ የተቀበረውን የጨው ንጣፍ ያሟሟዋል፤ ጣሪያውም ይደረመሳል። ምክንያቱን ለመለየት «የገሞራ ድርምስ» እና «የሙሟት ድርምስ» ማለት ይበቃል። የሙሟት ሥራ በአገራችንም አለ፤ የዌብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ የሚያልፈው ራሱ ባሟሟው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ለቢሾፍቱ ዓይነቱ «የፍንዳታ ጎድጓዳ» ግልጽና በቂ ነው።

በሌሎቹ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ«ሸረሸረ» በዚሁ አምድ «ሽርሽር» ብንል፣ አንባቢው ስንቅ ቋጥሮ ለመናፈስ የተነሣ ይመስለዋል። በምትኩ «ቦረቦረ» «ቡርቡር»ን ይሰጣል፤ ገበሬው «ቦረቦር» ስለሚልም ቃሉ እንግዳ አይሆንም። ነፋስ ለሠራው ደግሞ «ጠረገ» ይሻላል፤ ቀታራ «የነፋስ ጥራጊ ስርጉድ» ከምትባል «ነፋስ የጠረገው ስርጉድ» ብትባል ይቀላል፤ ጥራጊ ሌላ ነውና። ከክብደት የተነሣ ቀስ ብሎ ለሚወርድ ቅርፊት ትክክለኛው ግሥ «ረገበ» ነው። የተወጠረ ገመድ እንደሚረግብ፣ ቅርፊቱም ደለል ሲጫነው ወይም፣ በስካንዲናቪያ እንደ ሆነው፣ በጥንታዊ የበረዶ ክምር ሥር ይረግባል፤ በረዶው ሲቀልጥም መልሶ ይነሣል። ይሁንና የ«ስብር» አምድ ከዚህ ግሥ «ርግብ»ን ስለሚያወጣ ትተነው «የረገበ» ማለት ይሻላል። አጭር ስም ለማግኘት ሲባል ወፍ ወደ ሥነ ምድር ማስገባት አያሻም።

ለዕቃው፣ ማለትም ደለልን ወይም ውኃን ለሚይዘው ሰፊ ቅርጽ፣ የሚቀርበው ቃል «ገበቴ» ነው። «የኦጋዴን የደለል ገበቴ» እና «የኦጋዴን ተፋሰስ» ከእንግዲህ አይምታቱም። «የሐሮማያ ገበቴ» ውኃው ቢደርቅም ቢመለስም ስሙን አይለውጥም።

8. የሚጠበቁ ተቃውሞዎችና መደምደሚያ

«ገበቴ» የሊጥ ዕቃ ነው፤ ለሳይንስ ይቀላል የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ ይጠበቃል። መልሱ ከላይ ተሰጥቷል፤ ድስትና ጋን ለሳይንስ ካልቀለሉ ገበቴ የሚቀልበት ምክንያት የለም። ቃል የሚከብደው በባዕድነቱ ሳይሆን በፍቺው ጥራት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ክብደት አለው፦ «ተፋሰስ» በሁለቱም ፍቺ በሰነዶች ገብቷል፤ አሁን መለየት አዲስ መደናገር ያመጣል የሚል ነው። ይህን ለማቃለል በሽግግሩ ጊዜ «የውኃ ተፋሰስ» እና «የደለል ገበቴ» እያሉ ሙሉውን መጻፍ ይቻላል። አንባቢው ልዩነቱን ሲለምድ የመጀመሪያው ያጥራል። ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ባለሙያው በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ የአማርኛው ስያሜ ዳር የቀረ ጉዳይ ነው የሚለው ነው። ይህ ግን ቃሉ ማንን እንደሚያገለግል መርሳት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ቅልጥ አለት ከሥር ሲገባ፣ ምድር ተደጋግማ ተንቀጥቅጣለች፤ ተሰነጣጥቃለች፤ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነዋሪው የሚጠይቀው፣ ቤቴ ያለበት መሬት ምን ሊሆን ነው ብሎ ነው። የሚሰጠውም መልስ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ እንጂ በእንግሊዝኛ አይደለም። «ይሰምጣል» ቢባል ዘመናት የሚፈጅ ነገር ነው፤ «ይሰነጠቃል» ቢባል ከመስመሩ መራቅ ይበቃል፤ «ይደረመሳል» ቢባል ግን አሁኑኑ መውጣት ያሻል። ባለሙያው በሦስት ቃላት የለየውን ተርጓሚው በአንድ «መስመጥ» ቢጠቀልለው፣ ወይ ያለ ምክንያት ሰው ያሸብራል፣ ወይ መሸሽ የሚገባውን ሰው ያስቀምጣል።

ስለዚህ የሚቀርበው ሐሳብ በሦስት ውሳኔዎች ይጠቃለላል። ለቅርጹ «ስርጉድ» እና «ገበቴ»፣ ለውኃው «ተፋሰስ»፣ ለምክንያቱ ደግሞ ከየግሡ የሚወጣ ቅጽል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሦስቱን በሦስት ፍቺ ቢመዘግቧቸው፣ ተርጓሚዎችም አንድን ምድር ከመሰየማቸው በፊት «ሰመጠ፣ ተደረመሰ፣ ፈነዳ፣ ተቦረቦረ፣ ተጠረገ፣ ሟሟ ወይስ ረገበ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የቀረውን ቋንቋው ራሱ ይሠራዋል።